ወፍጮው ሲነሳ

እና የመብራት ምሰሶውን እንኳ ኖራ ቀብተውታል፣ ያን ዘሞ የቆመውን፣ ከወፍጮ ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለውን፣ ባለፈው ክረምት ጋሪ ገጭቶት የተሰነጠቀውን፣ በሽቦ ጠፍረው፣ በድንጋይ አስደግፈው፣ ነጭ አድርገው፣ ሙሽራ አስመስለውታል፣ ደጊቱ በበሩ ስንጥቅ ታየዋለች፣ ሰው ምሰሶ ይኩላል? ሳቅ ይመጣባትና ይመለሳል። ዛሬ ሳቅ የለም።

እጇ አረንጓዴው ቁልፍ አጠገብ ነው። እንዳትነኪው ተብላለች፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ እንዳትነኪው፣ አረንጓዴው ሲጫን ወፍጮው ይነሳል፣ ወፍጮው ሲነሳ ሰፈሩ ሁሉ ያበራል፣ ትናንት በስብሰባው እንዲህ ተወሰነ፣ አቶ ቢሻው ተነስተው፣ የሰፈሩ የመብራት ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸውና መነሳት ይወዳሉ፣ የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ ነገ የሚመጡት የአበዳሪው ባንክ ሰዎች ናቸው፣ የእንጅባራን የመብራት መስመር ከነምሰሶው ከነትራንስፎርመሩ ለመቀየር ገንዘብ የሚሰጡት እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ ማንም ምንም እንዳይሰካ፣ ገበየሁ መጋዝህን፣ ብየዳ ቤቶች እናንተም፣ ሴቶች ምጣዳችሁን፣ አምፖሉ እንግዳ ፊት እንዳይርገበገብ፣ ገመናችን ነው። እኔ መጋዜን ካልሰካሁ ምን ልብላ ጋሼ ቢሻው፣ ሰጋቱራ? አለ ገበየሁ፣ አናጢው። ለአንድ ቀን ብላው፣ ፈረስም ገለባ በልቶ ያድራል። ሲሄዱ ወፍጮው ይነሳል፣ ድምፁን የሰማ ያብራ። ምልክቱን ማን ይያዝ? ደጊቱ ትያዘው፣ አፍ የላት፣ ለማን ትናገራለች። ሳቁ። እሷም ሻሿ ውስጥ ገባች።

አፍ የላትም። እሺ።

ግን እጅ አላት፣ ትናንት እጇ ተነስቶ ነበር፣ ማንም አላየውም እንጂ፣ ልትናገር ነበር፣ ግማሽ መንገድ ደርሶ ሻሿን አስተካክሎ ተመለሰ። ምን ልትል ነበር? ለጠገበ ማን ያበድራል፣ ይህችን ብቻ፣ አራት ቃል አትሞላም፣ መብራታችን ደህና ከመሰለ ለምን ብለው ይቀይሩልናል። እንግዳ ሲመጣ የተቀደደው ቁርበት ይገለበጣል፣ የተሸረፈው ዋንጫ ይደበቃል፣ ያ ለሠርግ ነው፣ ለለቅሶ ነው፣ ሐኪም ቤት ሄዶ ቁስል የሚደብቅ አለ?

አክስቴ ትሸጠዋለች። ወፍጮውን ትሸጠዋለች፣ አክስቷ እትዬ ሙሉነሽ ያለችውን የምታጥፍ ሴት አይደለችም፣ ሞተሩ ሁለቴ ተቃጥሎብኛል፣ እህሉ ግማሽ ሲደርስ ኃይሉ ይወርዳል፣ ያቃስታል፣ ይጨሳል፣ ሦስተኛውን አልችልም ልጄ፣ ዘንድሮ መስመሩ ካልተቀየረ ለዳንግላው ነጋዴ እሰጠዋለሁ፣ አንቺም ወደ አባትሽ። አባቷ አዲስ ቅዳም ከተማ ናቸው፣ ከሰል ያከስላሉ፣ ታላቅ እህቷ የከሰሉን ጆንያ ስትሰፋ ጣቶቿ ጠቁረው ጠቁረው በሳሙና አይለቁም፣ ደጊቱ ስምንተኛን ለጥቂት ነው ያለፈችው፣ ለጥቂትም ቢሆን አልፋለች፣ ዘጠነኛን እዚሁ ከአክስቷ ጋር ሆና ልትማር ነበር፣ ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ወፍጮ። ነበር። አሁን ሁሉም ነገር አንድ አምፖል ላይ ተንጠልጥሏል።

ቀና ትላለች። አምፖሉ! እንዲህ ሲያበራ አይታው አታውቅም፣ ሰፈሩ ሁሉ ነቅሎለት ብቻውን ጠግቦ ያበራል፣ የጣሪያው የሸረሪት ድር ሁሉ ይታያል፣ ምነው ትንሽ ብትታመም፣ አንተ ቀጣፊ።

የመኪና በር። ሁለተኛ በር። እግር፣ ጭቃ፣ የአቶ ቢሻው ሳቅ፣ ሰው ሲፈሩ የሚስቁት ቀጭኑ ሳቅ። አክስቷ ከጓዳ ትወጣለች፣ ነጠላዋን እያጣፋች፣ ደጊቱን በዓይኗ ትቆነጥጣታለች፣ ቀጥ በይ፣ ከጠየቁሽ ጥሩ ነው በይ፣ ሌላ እንዳትጨምሪ። ሌላ መቼ ጨምሬ አውቃለሁ።

ይገባሉ። አንዲት ሴት ቀድመው፣ ቦት ጫማ ያደረጉ፣ ፀጉራቸው አጭር፣ ብርዱ አፍንጫቸውን አቅልቶታል፣ የባንኩ ሰው እኚህ ናቸው፣ ወንድ ነበር የጠበቀችው። ቀጥታ አምፖሉን ያያሉ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው? እንደ ፀሐይ ነው የኔ እመቤት፣ ይላሉ አቶ ቢሻው። ተመስገን ነው፣ ምን ጎደለብን፣ ትላለች አክስቷ፣ ትናንት ማታ በኩራዝ እግሯን የታጠበችው አክስቷ። ሴትዮዋ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ደስ ይላል፣ እውነት ደስ ይላል፣ ትናንት ዳንግላ ምሳ ላይ ሳለን መብራት ጥሎን ሄደ፣ ለሁለቱም ከተማ ባንድ ጊዜ የሚበቃ ገንዘብ ስለሌለ የባሰበት ይቀድማል፣ እናንተ መታገስ የምትችሉ ትመስላላችሁ።

የባሰበት ይቀድማል።

የአቶ ቢሻው ፈገግታ ፊታቸው ላይ ቀርቷል፣ ዝናብ መጥቶበት ሰው እንደረሳው የተሰጣ ልብስ። ገብቷቸዋል። አሁን ገባቸው፣ ግን እንደ ፀሐይ ነው ብለዋል፣ እንግዳ ፊት የተተፋ ቃል አይላስም። አክስቷ መሬት መሬት ታያለች። ተናገሩ እንጂ! አንዳችሁ፣ እናንተ አፍ ያላችሁ።

አንቺስ የኔ ቆንጆ፣ እዚህ ነው የምትሠሪው? መብራቱ እንዴት ነው?

እሷን ነው። ሁሉም ዞሩ። ጆሮዋ ይግላል፣ ቃሉ መጀመሪያ በአዊኛ ይመጣል፣ እናቷ በምታወራበት፣ ከዚያ ባማርኛ ይመጣል፣ ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው ይሄዳሉ፣ ጥሩ ነው ማለት እንኳ አቃታት፣ ውሸቱም እውነቱም አንድ በር ላይ ተጣበቁ፣ ላብ፣ የሴትዮዋ ዓይን፣ የአክስቷ ዓይን፣ የእህቷ ጥቁር ጣቶች፣ እጄ፣ እጄ የት ነው፣ እጄ ትናንት ግማሽ መንገድ ነበር የተመለሰው

አረንጓዴውን ተጫነችው።

ወፍጮው ይነሳል። ቺንጋው፣ ያ የጎማ ቀበቶ፣ ይወናጨፋል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ አምፖሉ አንዴ ጨፈን ብሎ ይመለሳል። ይመለሳል! እንደ በፊቱ ቦግ። ጎበዝ፣ ይላሉ ሴትዮዋ በጩኸቱ ላይ፣ በደንብ ይሠራል እኮ። ምን አደረግሁ፣ ወይኔ ምን አደረግሁ፣ በገዛ እጄ አተምኩላቸው፣ ደህና ነን ብዬ

ከዚያ የገበየሁ መጋዝ።

ማዶ፣ ከአናጢው ቤት፣ ዚዚዚ ብሎ ይጀምራል፣ ወፍጮውን ሰማ፣ ሄደዋል ብሎ ሰካ፣ ከዚያ ብየዳው፣ ጭርር፣ ከዚያ ሁለተኛው ብየዳ፣ ከዚያ የማይሰሙት፣ ጓዳ ለጓዳ፣ ምጣዱ፣ ምድጃው፣ ቀኑን ሙሉ ተርቦ የዋለ ሰፈር ሁሉ አንድ መሶብ ላይ እጁን ሰደደ። አምፖሉ ቢጫ ይሆናል። ብርቱካን ይሆናል። ሴትዮዋ ቀና ይላሉ። ቀይ ይሆናል፣ የፍም አይን ብቻ፣ የወፍጮው ዘፈን ወደ ማቃሰት ይወርዳል፣ ያን ማቃሰት ታውቀዋለች፣ ሁለቴ ሰምታዋለች፣ አሁን ይሸታል፣ የሚቃጠል ሽቦ ሽታ፣ ሦስተኛው፣ ሦስተኛውን አልችልም ብላለች

አክስቷ ትዘላለች። እጇ ቀዩ ቁልፍ ላይ ነው፣ ማጥፊያው ላይ፣ ተጫኚው፣ አክስቴ ተጫኚው፣ ሞተርሽ ነው! አትጫነውም። ጣቷ እዚያ ላይ ሆኖ አንገቷን ወደ እንግዳዋ ታዞራለች፣ ነጠላዋ ወድቋል።

አዩት የኔ እመቤት?

አየሁት።

በደንብ አዩት?

አየሁ፣ አጥፉት፣ አጥፉት እንጂ!

ትጫነዋለች። ወፍጮው እየተጎተተ ይቆማል። ጢሱ ቀጭን ነው፣ ከቺንጋው በላይ ቆሞ የሚሄድበት የጠፋው ይመስላል፣ ሞተሩ ተርፎ ይሆን? ማንም አያውቅም። በሩ ተከፍቷል፣ ኖራ የተቀባው ምሰሶ ነጭ ሆኖ ዘሞ ቆሟል፣ የገበየሁ መጋዝ ማዶ እያዛጋ እያዛጋ ይጠፋል፣ አቶ ቢሻው ኮፍያቸውን አውልቀው እንደገና ያደርጉታል። አክስቷ አትቆጣም። ገና ይሆናል። እጇን አንስታ የደጊቱ ትከሻ ላይ ታሳርፈዋለች፣ ከባድ ነው፣ ይምታ ይደግፍ አይታወቅም።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው? ሴትዮዋ ናቸው፣ አቶ ቢሻውን አይደለም፣ እሷን ነው፣ ጎንበስ ብለው።

ጉሮሮዋ ዱቄት ነው። ትውጠዋለች።

ይብሳል፣ ትላለች።