የማይጋጩት ቅንጣቶች

ተማሪዎቹ «ይረጋል» ይሉታል። የሒሳብ መምህር ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ የታጎሩ ትኩስና ቀዝቃዛ ቅንጣቶች እርስ በርስ ሲላተሙ ምን ያህል ፈጥነው እኩል ሞቀው እንደሚረጉ ሲያሰላ ይውላል። ሳጥኑም ቅንጣቶቹም ወረቀት ላይ እንጂ የትም የሉም። እሱ ግን ከዚህ የኑሮ መመሪያ አውጥቷል፤ ቧንቧ ቢያፈስም፣ ጎረቤት ቢጣላም፣ «ተዉት፣ ይረጋል» ብሎ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል።

ቤቱ ግን አልረጋ አለ። እናቱ ጉልበታቸውን ታክመው ከመጡ ጀምሮ ሳሎን ውስጥ ነው የሚተኙት፤ መስኮት ተከፈተ ማለት ለእሳቸው ሞት በሩን አንኳኳ ማለት ነው። ሚስቱ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። እዚያው ሳሎን ማሽኗንና ካውያዋን ዘርግታ ትውላለች፤ መስኮት ከተዘጋ በእንፋሎት መቀቀሏ ነው። ሚስት ትከፍታለች፣ አማት ይዘጋሉ። አንድ ቀን ነገሩ ከመስኮት አልፎ ወደ አስተዳደግ ሊገባ ሲል፣ ይረጋል ሳሎኑን በወፍራም መጋረጃ ለሁለት ከፈለው፤ መስኮቱ ለሚስቱ፣ ሙቀቱ ለእናቱ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተኮራረፉ፤ የሚላላኩትም በእሱ በኩል፣ በሹክሹክታ ሆነ። እሱም የተላከውን እያበረደ ያደርሳል። እናቱ «ይሄ ማሽን ጭንቅላቴን በጠበጠው» ሲሉት፣ ለሚስቱ «እጅሽ ወርቅ ነው ብላለች» ይላታል። ሚስቱ «እኔስ አንገፈገፈኝ» ስትለው፣ ለእናቱ «ጉልበትሽ እንዴት አደረ ትላለች» ይላቸዋል።

ቤቱ ጸጥ አለ። ይረጋልም «ይኸው፣ ረጋ» ብሎ ተደሰተ፤ ኩርፊያንና እርጋታን ለይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሚስቱ ግን አንድ ጠዋት ቀሚስ እየተኮሰች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «እስከ ቅዳሜ ይሄ ቤት ቤት ካልሆነ እህቴ ጋ እሄዳለሁ» አለችው። ይወዳታልና ክው አለ። አፉ ግን ለምዶበት «ይረጋል» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ቅንጣቶቹ ፈጥነው እንደሚረጉ የሚያሳየውን አዲሱን የሒሳብ ማረጋገጫውን ለባልደረቦቹ አቀረበ። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ሲጨርስ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ እሱንም ያስተማሩት አሮጊት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እዚህ ጋ ስሌቱ እንዲቀልልህ ቅንጣቶቹን ለሁለት ከፈልካቸው» አሉት። «የዚህ ወገን ከዚያኛው ጋር አንዴም አይጋጭም። ታዲያ ሙቀቱ በምን ይተላለፍ? ትኩሱ እንደጋለ፣ ቀዝቃዛው እንደቀዘቀዘ ይኖራሉ እንጂ።»

የስንት ጊዜ ድካም ገደል ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ለድካሙ ያዝን ነበር፤ እሱ ግን ጠመኔውን እንደጨበጠ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ሲደርስ ሚስቱ ሻንጣዋን እየዘጋች ነበር። ሰላም እንኳ ሳይል መጋረጃውን ከነዘንጉ ገነጠለው። ሁለቱ ሴቶች ተፋጠጡ።

«ተጣሉ» አላቸው እያለከለከ። «በፈጠራችሁ፣ ተጣሉ።»

ተጣሉም። ከመስኮቱ ጀምረው፣ በካውያው አልፈው፣ ማሽኑ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ጣራ ነካ። ሚስቱ ማሽኑን ከጠሉት እጅሽ ወርቅ ነው እያሉ ለምን እንደሚልኩባት ጠየቀቻቸው። እናቱ «እኔ? መች ብዬ!» አሉ። እሳቸውም በተራቸው፣ በየጠዋቱ ጉልበቴን የምትጠይቂው ለምንድን ነው አሏት። እሷም «እኔ መቼ ጠይቄ አውቃለሁ?» አለች። ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እሱ ዞሩ።

የሳጥን ሙቀት ይከፋፈላል እንጂ እንደማይጠፋ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ግን ሁለቱም እኩል ግለው ሲወርዱበት በገዛ ቆዳው ተማረው።

ማምሻውን መጋረጃው ተመልሶ ተሰቀለ፤ ከጀርባው ብቻውን የተቀመጠው ይረጋል ነው። እናቱ ሹክሹክታውን ትተው፣ «ንገሪው፣ ለውሸታም እራት የለም» ሲሉ ሰማ።

«እናትህ» አለችው ሚስቱ ሳቋን እየዋጠች፣ «ልጄ ሆዱን ቀለል ብሎት ይተኛ ብለዋል።»

መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አጮለቀ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናቱ የሚስቱን ካፖርት ለብሰው፣ የታመመ እግራቸውን ባዶው ሻንጣ ላይ ሰቅለዋል።