ጆይስቲኩ ነው ወይስ እጄ

ሕፃኗን ያላቀፋት ሰው የለም። የጎረቤት ሴት ጉንፋን ይዟት፣ አፍንጫዋን እየጠረገች አቅፋታለች። የአባቷ የሥራ ጓደኛ፣ ያ ሲጋራ ሲጋራ የሚሸተው፣ አቅፏታል። የበሩን ቁልፍ ሊጠግን የመጣው ሰውዬ እንኳ እጁን በሱሪው ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ "እስቲ ይቺን ቆንጆ" ብሎ ተቀብሎ ወዝውዟታል። የሕፃኗን እናት ከጨቅላነቷ ጀምራ በገዛ ክንዷ ያሳደገችው አያት ግን፣ እዚያው ቤት፣ ከሕፃኗ አልጋ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይታ እየኖረች፣ አንድ ቀን እንኳ አልተሰጠቻትም።

አያቲቱን ሰፈሩ መርፌ ይላታል። ዕድሜዋን ልብስ በመስፋት ስለፈጀች ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷ የነካቸው ግን ሌላ ምክንያት ያውቃሉ። ፊደል አልቆጠረችም። አለመቁጠሯንም አትደብቅም፤ "ፊደል የቆጠሩትን ሁሉ ሱሪ ያስታጠቅኳቸው እኔ ነኝ" ትላለች።

ደፍሮ እምቢ ያላት ቢኖር በተገላገለች። ለእምቢ ባይ መልስ አታጣም። እነሱ ግን እምቢም እሺም አይሉ። "ቆይ እማማ፣ ገና አሁን ተኛች።" "ቆይ እማማ፣ ሽንት ጨርቋን ልቀይርላት።" "ቆይ፣ ትንሽ አንገቷ ይጥና።" ሕፃኗ ስታለቅስ የመርፌ ክንዶች ሳታዛቸው ይነሳሉ፤ የሚይዙት ሲያጡ ደግሞ አፍረው ይወርዳሉ።

የዚህ ሁሉ ጠንቅ ጌም ነው።

የልጅ ልጇ ባል፣ የሕፃኗ አባት፣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ የተሳፋሪ ስድብ ሲጠጣ ይውልና ቤት ሲገባ የኳስ ጌም ከፍቶ ይተነፍሳል። ሕፃኗ ከመወለዷ በፊት፣ አንድ እሑድ፣ ቀልድ አማረውና ሁለተኛውን ጆይስቲክ፣ ለእንግዳ የሚሰጠውን፣ መርፌ ጭን ላይ አኖረላት።

"ይምጡ እማማ፣ ዛሬ ልሸነፍልዎት።"

"ማን ተሸነፍልኝ አለህ? ይልቅ ወደፊት የሚያስኬደው የቱ ነው?"

"ይቺ በግራ አውራ ጣትዎ በኩል ያለችው። እንጉዳይ የምትመስለው።"

እንጉዳዩን ወደፊት ገፋችው። ተጫዋቿ ወደ ግራ ሄደ። ወደ ጎል ስትለው ወደ ግራ፤ ለማቆም ጣቷን ላላ ስታደርግለት ወደ ግራ፤ ሜዳው አልቆበት መስመሩን እየታከከ፣ ሠርግ ተጠርቶ በሩ እንደጠፋበት ሰው ይንከራተት ጀመር። ሹፌሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና እጇን ማየት ያዘ።

"እማማ... እጅዎ ይንቀጠቀጣል እንዴ?"

ሳቁን ችላው ነበር። ማቆሙ ነው ያመማት። የልጅ ልጇ ሆዷን ደግፋ ከኩሽና ብቅ አለች፤ እሷም እጇን አየች። ላቦራቶሪ የምትሠራ፣ የሰው ደም በማጉያ እያየች የምትፈርድ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ያለ ማጉያ ፈረደች። ባሏን ቀና ብላ አየችው፣ እሱም መልሶ አያት፣ አለቀ። ሕፃኗ ወደ ቤት በገባች ቀን "ቆይ" ተጀመረ።

ከዚያ ወዲህ መርፌ መቀመጫ አጣች። የሳሎኑን መጋረጃ ጠርዝ ፈትታ ሰፋችው፣ ሰፍታ ፈታችው። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ጎተተችው፣ ብርሃኑ በዛባት፣ መለሰችው። የልጅ ልጇ እያየቻት ቀጭን መርፌ አነሳችና ክሩን በአንድ ጊዜ አሾለከችው።

"አየሽ?"

"አየሁ እማማ።"

"እህስ?"

"እህስ ምን?"

"ምንም" አለችና መርፌውን ሰካችው። ሕፃኗ ያን ጊዜም አልተሰጠቻትም። የባሰው ደግሞ፣ ጥርጣሬ ተላላፊ ነውና፣ እሷም መጠርጠር ጀመረች። ብቻዋን ስትሆን እጇን ወደ መስኮቱ ዘርግታ ታየዋለች። አንዳንዴ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዳንዴ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው እጇ ይሁን ከኋላው ያለው መጋረጃ አይለይላትም። አንድ ሰው በገዛ እጁ ላይ ምስክር ካጣ ምን ቀረው?

አንድ ጠዋት ሹፌሩ ሥራ ሄዶ፣ እናትና ልጅ ተኝተው ሳሉ፣ ያንን የእንግዳ ጆይስቲክ በፎጣ ጠቅልላ ከዘንቢሏ ግርጌ አስቀመጠችና ለማንም ሳትናገር ወጣች። መንገዱን የሄደችው እየተጣላች ነው፤ ከእግረኛው ጋር፣ ከቀይ መብራቱ ጋር፣ ከራሷም ጋር።

የጌም ዕቃ የሚጠግነው ሰውዬ ጭሱ ይባላል። ጎልማሳ ነው። ሲበይድ ፊቱ ከጭሱ ውስጥ ስለማይታይ ነው እንዲያ ያሉት። ሱቁ ጠባብ ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ ጆይስቲክ በገመዱ ተንጠልጥሏል፣ አግዳሚው ላይ ሁለት ጎረምሶች ተራ ይጠብቃሉ።

"እማማ፣ የትኛውን ቡድን ይዘው መጡ?" አላት አንዱ።

"አንተን ከዚህ አስነስቶ ሥራ የሚያስይዝህን" አለችው። ጓደኛው ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። መርፌ ፎጣውን ፈትታ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ስማኝ፣ ሽንገላ አልፈልግም። አንድ ነገር ንገረኝ፤ የሚንቀጠቀጠው ይሄ ነው ወይስ እኔ?"

ጭሱ እሷንም ጆይስቲኩንም አየ። ከዚያ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። ስክሪኑ ላይ ክብ መጣ፤ በክቡ መሐል ነጥብ። የጠገነውን ሁሉ የሚፈትሽበት ነው።

"አሁን ማንም አይንካው" አለ።

ማንም አልነካውም። ነጥቡ ግን ቀስ እያለ፣ አጥር ተደግፎ ቤቱን እንደሚፈልግ ሰካራም፣ ወደ ግራ ተጓዘ።

"ይቺ እንጉዳይ ከውስጥ ተበልታለች እማማ። ማንም ቢይዘው ወደ ግራ ነው የሚሄደው።"

"እሰይ!" አለች መርፌ፤ በእጇ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገችው። "እሰይ! ስሙ እናንተ ደግሞ፣ ምስክር ናችሁ!"

እዚህ ላይ ተነስታ ብትሄድ ድል ነበር። ግን ልቧ አላረፈም። የጆይስቲኩ መታመም የእሷን ጤንነት አይመሰክርም። ሌባ ተይዞ ቢታሰር ሌላው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ተነሳች፣ እስከ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች።

"ደህናውን ስጠኝ። ያለህን ሁሉ አውርድ።"

"ሊገዙ ነው?"

"ልፈተን ነው።"

መጀመሪያ ነጩን ሰጣት፤ መሐሉ ላይ መብራት ያለውን፣ ቀንድ ቀንዱ የሚያምረውን። ሲያዩት ደስ ይላል፣ ሲይዙት ግን ውሃ እንደነካው ሳሙና ከእጅ ይሾልካል። ከኋላው ያለውን ቃታ ስትስበው መልሶ ገፋት።

"ይሄ ደግሞ ይከራከራል እንዴ?"

"ጌሙ ውስጥ ቀስት ሲስቡ ክብደቱ እንዲሰማ ነው።"

"እኔ ቀስት ምን ያደርግልኛል።" እንጉዳዩን ገፋች፤ ነጥቡ በገፋችው አቅጣጫ ሄደ፣ ስትለቀው መሐል ገብቶ ቆመ። መርፌ ትንፋሿን ለቀቀች።

ቀጥሎ ወፍራሙን፣ ባትሪ ድንጋይ የሚጎርሰውን አመጣ። ይሄኛው መዳፍ ይሞላል። እንጉዳዮቹ ግን አንዱ ላይ አንዱ ታች ናቸው።

"ይሄን የሠራው ሰው ኪስ ሲሰፋም አንዱን ደረት ላይ አንዱን ጉልበት ላይ ነው የሚያደርገው?"

"ለአውራ ጣት እንዲመች ነው። ይያዙት እስቲ።"

ያዘችው። አውራ ጣቶቿ ፈልገው ሳይሆን ወድቀው ነው ቦታቸውን ያገኙት። "ይመቻል" አለች፣ ሳትወድ። "ስህተት መስሎኝ ነበር።" እዚህም ነጥቡ ታዘዘላት። አግዳሚው ላይ ያሉት ጎረምሶች የራሳቸውን ተራ ረስተው ቀርበዋል። "እማማ፣ ከዚህ ይበልጥ ያ ነጩ አይሻልም? ንዝረቱ እኮ ጌሙ ውስጥ የሚዘንበውን ዝናብ ሳይቀር ነው የሚያሳውቀው!" አለ አንደኛው። "ዝናብ በመስኮት አያለሁ" አለችው።

ሦስተኛው ትንሿ ነበረች፤ ለሁለት የምትከፈለዋ፣ ቁልፎቿ ምስር የሚያህሉት። በመርፌ አውራ ጣት ሥር ሦስቱ ቁልፎች ባንዴ ጠፉ። "ይቺ የአሻንጉሊት ማበጠሪያ ናት" ብላ ልትመልሳት ስትል ጭሱ፣ "እሷ ደግሞ መዘንበልም ታውቃለች፤ እጅ ወዴት እንዳጋደለ ይገባታል" አለ፤ ቁልፍ ነካ፣ ክቡ ተቀየረ። "ዝም ብለው ቀጥ አድርገው ይያዟት።"

መርፌ ክንዷን ዘርግታ ቀጥ አድርጋ ያዘቻት።

ነጥቡ ተንቀጠቀጠ። ወደ ግራ አይደለም፣ ወደ ቀኝም አይደለም፤ ጣሳ ውስጥ እንደገባች ዝንብ ባለበት ተርገበገበ።  ከጎረምሶቹ አንዱ ስልኩን አወጣና የማያነበውን ማንበብ ጀመረ።

"ይቺም ተበልታለች" አለች መርፌ።

ጭሱ ዋሽቶ ሊሸኛት ይችል ነበር። ተቀበላትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ነጥቡ መሐል ላይ ተተክሎ ቀረ።

"ደህና ናት እማማ። ይሄ እርስዎ ነዎት።"

ተነሳች። ፎጣዋን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ደግሞ አጠፈች። ያ ሁሉ የሰፋችው ልብስ፣ ያ ሁሉ ቁልፍ፣ በዓይኗ ፊት አለፈ፤ አንዱም ግን አልመሰከረላትም። ልትወጣ በሩን ይዛ ሳለ ከግድግዳው ላይ አንዱ ጆይስቲክ ዓይኗን ያዘው። ጀርባው ላይ እንደ ሻኛ ያበጠ ነገር አለ።

"ያ ምንድነው ጀርባው ያበጠው?"

"ደንበኛ ትቶት የሄደው ነው። ቻርጅ ቶሎ አለቀብኝ ብሎ ከኋላው ትልቅ ባትሪ አስለጠፈበት፤ ከዚያ ከበደኝ ብሎ ጠላው።"

"መዘንበል ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"አምጣው።"

ቆማ ያዘችው። ነጥቡ ተርገበገበ፤ ግን እንደ ቅድሙ አይደለም። መርፌ አንገቷን ሰበር አድርጋ አየችው። ከዚያ ማንንም ሳትጠይቅ የጭሱን ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ የቁልፍ ቀዳዳ ስትሰፋ እንደምታደርገው ክርኗን ከጎኗ አጣበቀች፣ ክንዷን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አጋደመች፣ ያን ከባድ ነገር በመዳፏ ላይ ጫነችው።

ነጥቡ ቆመ። ትንሽ ተነፈሰ እንጂ አልተርገበገበም።

"ትንሿን መልሳት" አለች። እንደተቀመጠች ያዘቻት፤ ነጥቡ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከባዱን፤ ቆመ። ትንሿን፤ ተንቀጠቀጠ። ጎረምሶቹ የፍጹም ቅጣት ምት እንደሚያዩ ሰዎች አንገታቸውን አስግገዋል። አራተኛ፣ አምስተኛ ጊዜ ደጋገመችው፤ ጭሱ ሥራውን ትቶ ሲያቀብላት ቆየ።

"ቀላል ነገር ነው የሚያጫውተኝ" አለች በመጨረሻ። "ከባዱ ያረጋኛል።"

የእንግዳውን ጆይስቲክ መልሳ በፎጣው ጠቅልላ ቤት ስትደርስ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። የልጅ ልጇ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ ቆማለች፤ ሹፌሩም ለምሳ ገብቷል።

"የት ሄደሽ ነው እማማ? ስልክሽን ትተሽ! ሞቼ ነበር እኮ!"

"አልሞትሽም።" ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ ፈታችና ወደ ሹፌሩ ዞረች። "ይሄ ጆይስቲክህ የግራ እንጉዳዩ ተበልቷል። ሳይነኩትም ወደ ግራ ይሄዳል። እንግዳ ሁሉ ለምን እንደሚሸነፍልህ ጠይቀህ አታውቅም?"

ሹፌሩ ጆይስቲኩን አንስቶ አገላበጠው። "እኔ... ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ" አለ። ሚስቱ ሳታስበው ሳቀች።

"አትሳቂ፤ ያንቺም ተራ ይደርሳል። በዚህ ዕቃ ምስክርነት ነው የፈረዳችሁብኝ። አሁን ደግሞ ሌላውን ስሙ፤ ማንም ሳይነግራችሁ በፊት እኔው ልንገራችሁ። እጄም ይንቀጠቀጣል።"

ሳቁ ከቤቱ ጠፋ። "እማማ..." አለች የልጅ ልጇ።

"ዝም በይ፣ አልጨረስኩም። ክንዴ አየር ላይ ሲሆንና ቀላል ነገር ስይዝ ይንቀጠቀጣል። ክንዴ አርፎ ክብደት ሲጫንበት ይረጋል። በዓይኔ አይቼ መጣሁ። እናንተ ብትፈሩ አልፈርድም፤ ፈራን አለማለታችሁ ነው ያንገበገበኝ። ሐኪም ዘንድም እሄዳለሁ፣ አልሸሽም።"

"ሕፃን እኮ ጆይስቲክ አይደለችም እማማ" አለች የልጅ ልጇ፤ ልጇን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋታለች። "ብትወድቅ..."

"እሱን እኔ አጣሁት? ስለዚህ ቆሜ አልይዛትም። ይዣትም አልራመድም፤ ለመነችን ብላችሁ እንኳ አትስጡኝ።" መርፌ መደገፊያ ያለውን ወንበር ጎትታ ከግድግዳው አስጠጋችው። ተቀመጠች። ክርኗን ከጎኗ አጣበቀች፣ ሁለት ክንዷን መደገፊያው ላይ አጋደመች፣ መዳፎቿን ወደ ላይ ከፈተች።

የልጅ ልጇ ባሏን አየችው። ባሏ ወለሉን አየ። ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች።

"እሱን አትዪው፣ እኔን እዪኝ" አለች መርፌ። "አንተ ትራሱን አምጣና ከክንዴ ሥር ግጠመው። አንቺ እዚሁ ከጎኔ ቁሚ፣ ከፈለግሽ እጅሽን ከሥሯ አታውጪ። ግን ጎንበስ በይና ልጄን ክንዴ ላይ አስተኚልኝ፤ አሁን።"