የሰፋ ቀሚስ

እናቴ በስኳር በሽታ እግሯን ስታጣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ባለፈው ጥር የጤና መኮንኑ ኃይሌ «ዘሪቱ፣ ስኳርሽ ድንበር ላይ ቆሟል፤ በሦስት ወር ስድስት ኪሎ ካልቀነስሽ መድኃኒት እንጀምራለን» ሲለኝ፣ ድንበሩም መድኃኒቱም አልተሰማኝም። የታየኝ የእናቴ ባዶ ጫማ ነው።

«መራብ ግን የለብሽም» አለኝ። «የተራበ ሰው በሳምንቱ ተመልሶ ድስቱን ይገለብጣል። ሆድሽን ሙዪ፤ ግን ውሃ በሚበዛበት ምግብ፤ ጎመን፣ ዱባ፣ ቲማቲም፣ ሽፈራው። አንድ ሳህን ቅቅል ጎመን የአንድ ማንኪያ ዘይት ያህል እንኳ ኃይል የለውም። ሆድ ብዛቱን እንጂ ሌላውን አያውቅም።»

አስተማሪ ነኝ፤ የታዘዝኩትን እሠራለሁ። ባሌ ደምሰው ሹፌር ስለሆነ ከወይጦ ሲመለስ የሽፈራው ቅጠል በፌስታል ይዞልኝ ይመጣል። እየጠገብኩ በመጀመሪያው ወር ሦስት ኪሎ ቀነስኩ። መምህራኑ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምነው ዘሪቱ፣ ደህና ነሽ?» ይሉኝ ጀመር። ጂንካ ላይ ስትወፍሪ «አማረብሽ» ነው፤ ስትከሺ ግን ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል።

በሁለተኛው ወር የደምሰው እናት፣ እማማ አለምነሽ፣ ከገዘር መጡ። ገና በር ላይ ቀሚሴን በጎኔ በኩል በሁለት ጣታቸው ያዙና «ይሄ ሰፍቷል» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማጀቱ የእሳቸው ሆነ፤ እኔም ሰነፍ ነኝና ደስ አለኝ። ጎመኑም ይጣፍጥ ጀመር። የገዘር እጅ ነው ብዬ እየደጋገምኩ በላሁ።

በወሩ መጨረሻ ሚዛን ላይ ስወጣ ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ።

«ዘይት?» አለ ኃይሌ።

«ጠብታ አልነካሁም።»

ሚዛኑን አስተካክሎ እንደገና መዘነኝ፤ ያው ነው። ጎመን እየበላ የሚወፍር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ሰውነቴ ከድቶኛል ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ሳስተምር፣ የግራ እግሬን ጣቶች ጫማዬ ውስጥ አንድ በአንድ አንቀሳቅስ ነበር። ትንሿ ጣቴ የዘገየች ሲመስለኝ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ።

ሐሙስ ዕለት ስብሰባ ተሰርዞ ለምሳ ቀደም ብዬ ገባሁ። እማማ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ከቆርቆሮው የሚረጋውን ዘይት በማንኪያ እየዛቁ ጎመኔ ላይ ይጨምራሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዱባው አስቀድሞ ያብለጨልጫል።

«እማማ!» ብዬ ጮህኩ። «ሊገድሉኝ ነው?»

ማንኪያው ወደቀ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄን ጸሎትንም እንዲህ ነው የጀመራት» አሉ። የሞተችው የደምሰው እህት ናት፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። «መጀመሪያ ቀሚሷ ሰፋ። ‹ደህና ነኝ እማ› አለችኝ። እኔም አመንኳት። ጎመን ብቻ ነበር ቤታችን። በአምስት ወር በእነዚህ እጆቼ ተሸከምኳት፤ እንደ ባዶ ቅል ቀልላ ነበር። አንቺም ‹ደህና ነኝ› ትያለሽ። ሁለተኛ አላምንም፣ ልጄ።»

ቁጣዬ በአንድ ጊዜ ጠፋ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጬ ስለ እናቴ እግር ነገርኳቸው፤ ለደምሰው እንኳ እንዲህ አድርጌ ነግሬው አላውቅም። እንዴት በጨርቅ ጠቅልለው እንደወሰዱት፣ የት እንደቀበሩትም። እማማ እግሬን ከጫማው አውጥተው ያዙትና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም።

«እሺ፣ ዘይቱ ይቅር» አሉ በመጨረሻ። «ግን ቀሚስሽ ሰፍቶ አልየው። አልችልም።»

እናም በየሳምንቱ ቅዳሜ ቀሚሴን በጎኑ እየሰፉ ያጠብቡልኛል። ትናንት ስድስተኛው ኪሎ ወረደ፤ ኃይሌ አጨበጨበልኝ፤ እኔም እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። እማማ መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ሦስቴ ሞከሩ።

«እዚህ ላይ ይብቃሽ» አሉኝ። «እባክሽ ልጄ፣ እዚህ ላይ ይብቃሽ።»