የፌርፋክስ መርዶ

ነጋሽ ያን ቅዳሜ ጠዋት ሃውቶርን ካለው ቤቱ ሲነሳ ደረቱን ነፍቶ ነበር። አይፈረድበትም። ልጁ ፍናን፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ ሳንታ ሞኒካ ነርስ የሆነችው፣ የዓመት ፈቃዷን ባሕር ዳር ተኝታ ማሳለፍ ስትችል ቤተ ክርስቲያኑ ካዘጋጀው የሐኪሞች ቡድን ጋር በበጎ ፈቃድ ኢትዮጵያ ገጠር ወርዳ፣ ድንኳን ውስጥ ደም ግፊት ስትለካ፣ ቁስል ስታጥብ ከርማ መጥታለች። ዛሬ ደግሞ ሪፖርት የሚቀርብበት ቀን ነው። የአበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከአንዱ ምግብ ቤት ጀርባ ባለው አዳራሽ፣ ቁርስ እየተበላ ፎቶው ግድግዳ ላይ ይታያል፣ ተጓዦቹ በተራ ይናገራሉ። ሚስቱ ሰርካዲስ በርባንክ ከተማ አዛውንት የምትጦርበት ሥራዋ ቅዳሜም ስላለባት፣ «ሁሉንም ሬኮርድ አድርገህ ላክልኝ፣ እንዳትረሳ» ብላ አስምላው ነው የሄደችው።

ፓርክ ሊያደርግ ሰፈሩን ሲዞር ቆይቶ ሲገባ ጋሽ ብርሃነመስቀል ወንበር ይዘውለት ጠበቁት። እሳቸውን ፌርፋክስ ላይ የማያውቅ የለም። ሰርጉም ለቅሶውም በእሳቸው እጅ ያልፋል። በተለይ መርዶ! ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ፣ ሐዘንተኛው መቼ ይረዳ፣ ማን ይንገረው የሚለውን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። ፈተና ያለበት እስኪፈተን፣ እርጉዟ እስክትወልድ ያስደብቁና፣ ቀኑ ሲደርስ በማለዳ ሰው አሰባስበው በር ያንኳኳሉ። በዚህ ሥራ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም፤ ይህንንም ለሰው ሲነግሩ አይታክታቸውም።

መጀመሪያ የቡድኑ ሐኪም ዶክተር ጌድዮን ተናገረ። ሊሄዱበት ወዳሰቡት ቦታ የሚያስገባው ድልድይ በመሰበሩ፣ ሳይታሰብ ወደ ሌላ ወረዳ ተሻግረው ድንኳናቸውን እዚያ እንደተከሉ፣ ሰዉም ወሬውን ሰምቶ ከየአቅጣጫው በበቅሎና በቃሬዛ እንደጎረፈ አስረዳ። ቀጥሎ ፍናን ማይኩን ያዘች። «ሶ... አማርኛዬ ትንሽ እንትን ነው፤ ግን ትረዱኛላችሁ» ስትል አዳራሹ ሳቀ። ነጋሽም ሳቀ፤ ስልኩንም ከፍ አድርጎ መቅዳት ጀመረ።

«የአንድ እማማን ታሪክ ነው የምነግራችሁ» አለችና ቀጣዩን ፎቶ አሳየች።

ግድግዳው ላይ አንዲት አሮጊት ወጡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ጥቁር ሻሽ አስረዋል። ፍናን አጠገባቸው ተንበርክካ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቅልላለች።

ነጋሽ ክው አለ። ስልኩ ከእጁ ወደቀ።

«ጋሼ» አለ። «እናቴ ናት።»

ጋሽ ብርሃነመስቀል አንገታቸውን ነቀነቁ። «ነፍሷን ይማረው፣ ቁርጥ እሷን ይመስላሉ መቼም።»

«መምሰል አይደለም፣ ናት! እናቴ ናት እልዎታለሁ!»

«ተው አንተ ሰው! እናትህን እኮ ያስለቀስኩህ እኔ ነኝ!»

እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው ናቸው። ታሪኩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት ግድም ነጋሽ አገር ቤት ሲደውል እናቱ ስልክ ላይ መምጣት ተዉ። ታናሽ ወንድሙ ዘለቀ፣ «ደህና ናት፤ ጆሮዋ ስለማይሰማ ነው፣ አንተንም አትሰማህም» አለው። በሚቀጥለው ሲደውልም «ደህና ናት።» በሚቀጥለውም። እንግዲህ ውጭ አገር የኖረ ሰው ይህችን «ደህና ናት» በደንብ ያውቃታል። እናት ሞታ እያለ «ጠበል ገብታለች» ይባላል፤ «ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቶ ነው» ይባላል፤ «እህቷ ዘንድ ሄዳለች» ይባላል። ነጋሽ ጨነቀውና ጋሽ ብርሃነመስቀልን አማከረ። እሳቸው ሰምተው ሲጨርሱ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። የእሳቸውን አባት ሞት ድፍን ሁለት ዓመት ነበር የደበቋቸው፤ ያኔም «እግሩን አሞት ነው፣ ስልክ ያለበት ድረስ መምጣት አልቻለም» እየተባሉ። «ጆሮዋ አይሰማም ነው ያለህ? በል ልጄ፣ ቻለው» አሉት።

ቢሆንም ሥራ አዋቂ ናቸውና አጣሩ። ከነጋሽ የትውልድ ወረዳ የመጣ አንድ ሰው ኤርፖርት አካባቢ ይሠራል ቢሏቸው ሄደው ስለ እናቱ ጠየቁት። ሰውዬው ሴትዮዋን ጭራሽ አያውቃቸውም፤ ባለማወቁ አፍሮ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ደግሞ ደፍቶ ባዩት አንገት ነገሩን ደመደሙ። በነጋታው ማለዳ ሰው አስከትለው ሃውቶርን መጡና ነጋሽን አረዱት። ተለቀሰ፤ ተዝካርም ወጣ። ዘለቀ ሲደውል ነጋሽ፣ «እናቴን ደብቀህ ቀበርክ፣ ዛሬም ትዋሸኛለህ?» ብሎ ጮኸበት። ዘለቀ ምሎ ተገዝቶ ፎቶዋን ቢልክለት፣ «የድሮ ፎቶ ነው» አለና ስልኩን ብሎክ አደረገው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ!

አሁን አዳራሹ ውስጥ ፍናን ምንም ሳታውቅ ታሪኳን ቀጥላለች። አያቷን በአካልም በፎቶም አይታቸው አታውቅም፤ አባቷም «እምዬ» ሲል እንጂ በስም ሲጠራቸው አልሰማችም፤ ሞተዋል ሲባል ሰምታ አልቅሳለች፣ በቃ።

«እማማ ጆሮዋ ምንም አይሰማም። ዶክተር ጌድዮን ቼክ አደረጋት፤ ነርቩ ስለሆነ መስሚያ መሣሪያም አይሠራላትም። ግን እሷ ታወራለች። ‹ከአሜሪካ ናችሁ አሉኝ፤ እኔም አሜሪካ ልጅ ነበረኝ› አለችኝ። ‹ሞተብኝ› አለች። ጥቁር የለበሰችው ለእሱ ነው። ሌላው ልጇ ‹ኧረ አልሞተም› ብሎ በምልክት ይነግራታል፤ እሷ ግን አታምንም። ‹ድሮ በደወለ ቁጥር ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያደርጉልኝ ነበር፤ አንድ ቀን ተዉት። ልጄ ቢኖር ሳይደውል አይውልም ነበር፤ ሞቶ ነው፣ እንዳልጎዳ ብለው ደብቀውኝ ነው› አለችኝ። በጣም አለቀስኩ። አቅፋኝ፣ ‹አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?› አለችኝ። ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ለካ አትሰማም።»

አዳራሹ ውስጥ ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ነጋሽ ተነሳ፤ የተነሳበት ወንበር ወደ ኋላ ተገለበጠ።

«ፍናን! ስሟ ማነው?»

«ዳድ? ምን ሆንክ?»

«ስሟ ማነው አልኩሽ!»

«ሙሉዬ። እማማ ሙሉዬ ነው ያሏት።»

ነጋሽ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «እግዚኦ! እግዚኦ! በቁሟ ቀበርኳት! አያትሽ ናት! የኔ እናት ናት! ሞተብኝ ያለችሽም እኔን ነው!»

ማይኩ ከፍናን እጅ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ ጯ ብሎ ጮኸ። ዶክተር ጌድዮን እንደቆመ ቀረ። ግማሹ ሰው እኮ ያን ጊዜ ሃውቶርን ተገኝቶ ያለቀሰ፣ ተዝካሩን የበላ ነው፤ አፉን ይዞ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሴትዮ ያያል። ጋሽ ብርሃነመስቀል ፊታቸው አመድ መስሎ፣ «አንገቱን እኮ ደፋ... ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ እኮ ነው...» ይላሉ፤ የሚሰማቸው ግን አልነበረም።

ፍናን የወደቀውን ስልክ አንስታ ለአባቷ አቀበለችው። «ደውል። አሁኑኑ ደውል፣ አባዬ።» ብሎኩንም ራሷ ፈታችለት። እዚያ ገና መምሸቱ ነው። ጠራ፣ ጠራና ዘለቀ በቪዲዮ ብቅ አለ። ጢሙ ረዝሞ ሌላ ሰው መስሏል። አየው፣ አየውና፣

«ዛሬ ደግሞ ማንን ገደልክ?» አለው።

«ዘለቀ፣ ወንድሜ፣ በእናትህ...»

«በየትኛዋ? በሞተችው?»

«አሳየኝ! በማርያም ይዤሃለሁ፣ አሳየኝ!»

ዘለቀ ስልኩን እንደያዘ ተነሳ። ምስሉ ተወዛወዘ፤ ምሰሶው፣ መደቡ፣ የተንጠለጠለው አምፖል አለፈ። ከዚያ እናቱ መጡ። ነጋሽ ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋ። «እምዬ! እምዬ፣ እኔ ነኝ!» ብሎ አዳራሹ እስኪናጋ ጮኸ። እናቱ ግን ስልኩን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት።

«ደሞ ይችን አመጣህ?» አሉ ለዘለቀ። «ያኔ ፎቶውን፣ አሁን ደሞ የሚንቀሳቀሰውን። የድሮ ነው። በሙት ልጄ አታባብለኝ፣ ውሰድልኝ።»

የልጅና የእናት ነገር! «የድሮ ነው»፤ ነጋሽ ራሱ ያኔ ለዘለቀ የመለሰለት መልስ ነው። ነጋሽ እጁን አውለበለበ፣ ደረቱን መታ፣ እንባው በጉንጩ ወረደ። እሳቸው አንዴ አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ዘለቀ «አየህ? ስንት ዓመት እንዲህ ስትገፋኝ ኖረች» አለ።

ያኔ ፍናን ጠጋ ብላ ከአባቷ ጎን ካሜራው ፊት ገባች። ጉንጯን ጉንጩ ላይ ለጠፈች። ክንዷን ዘረጋችና በሌላው እጇ የደም ግፊት መለኪያ እንደሚጠቀለል አድርጋ ደጋግማ ጠቀለለች።

አሮጊቷ መልሰው አዩ። ስልኩን ከዘለቀ እጅ ነጥቀው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይቺ... ይቺማ ያቺ ልጅ ናት! ሰሞኑን ክንዴን ያሰረችኝ ናት!» ዓይናቸው ከፍናን ወደ ነጋሽ፣ ከነጋሽ ወደ ፍናን ሄደ። «ከሙት ጋር ማን አቆማት? ዘለቀ! ይቺን ልጅ እኔ በእጄ ነክቻታለሁ!»

ከዚያ ገባቸው። እልል የሚሉ መስሎት ነበር ነጋሽ፤ አላሉም። ጥቁር ሻሻቸውን ቀስ ብለው ፈቱና ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«አለህ?» አሉ። «በሕይወት አለህ? ካለህስ ታዲያ ምነው? ምን ባደርግህ ነው ሰባት ዓመት ዝም ያልከኝ?»

«ሞተሻል ብለውኝ ነው እምዬ! ዘለቀ የደበቀኝ መስሎኝ ነው! መርዶ ነግረውኝ አለቀስኩልሽ፣ ተዝካር አወጣሁልሽ፣ እኔ እኮ...» ነጋሽ ሁሉንም ዘረገፈው። እናቱ አፉን ያያሉ። ጠበቁት፣ ሲጨርስም ጠበቁ። «ምን አለ?» ብለው ወደ ዘለቀ ዞሩ።

ዘለቀ እጆቹን አነሳና መልሶ ጣላቸው። «ወንድም ጋሼ፣ ይሄን እንዴት አድርጌ በምልክት ልንገራት? ‹ልብላ፣ ልተኛ› አይደለም እኮ!»

ነጋሽ ዞር ዞር አለ። ከዚያ ስልኩን ለፍናን አስይዞ በጓሮው በር ወጣ። ፍናን ካሜራውን ወደ እሱ አዙራ ተከተለችው። መኪና ማቆሚያው ዳር የአትክልት መደቡ በድንጋይ ተከቧል። ነጋሽ ጎንበስ አለ፤ አንዱን ትልቅ ድንጋይ ፈንቅሎ፣ አፈሩ ሸሚዙ ላይ እየረገፈ፣ አንገቱ ላይ ጫነና አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። ይህን ደግሞ በአገሩ ጆሮ ያለውም የሌለውም ያውቀዋል፤ በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ ተበዳይ «አውርድ» ይላል፣ ያን ጊዜ ይቅር ተባለ ማለት ነው።

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ ተከትሎ ወጥቷል። መኪናውን ሊያወጣ የመጣ አንድ ፈረንጅ ክው ብሎ ቆሟል። ጋሽ ብርሃነመስቀል ኮፍያቸውን አውልቀው ከኋላው ተንበረከኩ፤ ድንጋይ የሚያነሳ ጉልበት ስለሌላቸው ባዶ እጃቸውን።

ሙሉዬ ልጃቸውን አዩት። ሽበቱን፣ የጎበጠ ጀርባውን፣ የሚንቀጠቀጥ ክንዱን አዩ። እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። ሰዉ ሁሉ «አውርድ» የምትለዋን ቃል ይጠብቃል።

«አላወርድህም» አሉ።

«ኧረ በማርያም!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ከዚያ ሆነህ ድንጋይዋን አታወርዳትም። እናት አለኝ ካልክ ይዘሃት ትመጣለህ፤ እኔ በእጄ ከአንገትህ ላይ አነሳታለሁ። ያቺንም ልጅ ይዘህ ና። ሻሹንም መልሼ አስራለሁ፤ እስክትመጣ ይሄን ጥቁር አላወልቅም። ሰዉ ‹አለ› ቢለኝ አላምንም፤ እስክዳስስህ ድረስ ሞተሃል።»

ስልኩንም ራሳቸው ዘጉት።

ፍናን ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ሁለት ወጣቶች ድንጋዩን ሊቀበሉት ቀረብ አሉ። ነጋሽ ጭንቅላቱን ነቀነቀባቸው። ድንጋዩን እንደተሸከመ፣ ሰው እያየው፣ በሰው መሃል አልፎ ወደ መኪናው ሄደ።