መጀመሪያ ይደውሉ

"አርባ ሦስት ሰው ደውሏል፤ አርባ ሦስት!" አለች ልጅቷ ላፕቶፑን ወደ አባቷ እያዞረች። "ሱቁ ድረስ የመጣው ግን አምስት ነው። አባባ፣ ሌላው የት ገባ?"

"ቤቱ ገብቶ ይሆናላ" አሉ አባቷ፣ ጆሯቸውን ከአንዲት አሮጌ የስፌት መኪና ላይ ሳያነሱ። በአንድ እጃቸው መንኮራኩሯን ቀስ እያደረጉ ያዞራሉ። "ዝም በይ አንዴ፣ እያወራችኝ ነው።"

እንዲህ እያዳመጡ ስለሚጠግኑ ነው ሰፈሩ "ዶክተር" የሚላቸው። ስሙን ሲሰሙ የሚያፍሩ ይመስላሉ እንጂ በውስጣቸው ደስ ይላቸዋል። አርባ ዓመት በዚች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ዘይትና መፍቻ ሲያገላብጡ ኖረዋል። አሁን ግን ሰው የተሰፋ ልብስ ይገዛል፤ የድሮ ደንበኞቻቸውም አንድ በአንድ ስፌት ትተዋል። ትልቁ ልጃቸው ቤቱ ውስጥ ክፍል አዘጋጅቶ፣ አልጋ ዘርግቶ፣ "አባባ ይብቃው፤ ሱቁን ያስረክብና ይረፍ" ካለ ቆየ። ዶክተር ማረፍ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይገረጣል።

የተሟገተችላቸው ይህቺ ታናሺቱ ናት። እንጀራዋ ለድርጅቶች የኢንተርኔት ማስታወቂያ ማሳመር ነው፤ ሰው ስልኩ ላይ አንድ ነገር ብሎ ሲፈልግ ከሁሉ በላይ ብቅ የሚለውን፣ በተነካ ቁጥር ባለቤቱን የሚያስከፍለውን ማስታወቂያ። "አንድ ወር ስጠኝ" አለችው ወንድሟን። "ማስታወቂያው ሰው ካላመጣ የሱቁን ቁልፍ ራሴ አምጥቼ እጅህ ላይ አስቀምጠዋለሁ።" ወሩ ዛሬ ያልቃል። ሳይመሽ ወንድሟ ይደውላል።

እሷም በወሩ ውስጥ ያላደረገችው የለም። መጀመሪያ አዲስ የስፌት መኪና ሊገዙ የሚፈልጉ ሰዎች ማስታወቂያውን እየነኩ ገንዘቡን ጨረሱት፤ "ግዢ" እና "ዋጋ" ብሎ ለሚፈልግ እንዳይታይ አደረገች። ስፌት መማር የሚፈልጉት መጡ፤ እነሱንም አስወጣች። ሌሊት ዘጋችው፣ ሩቅ ሰፈሮችን ቀነሰች። ጽሑፉን ሰባት ጊዜ ቀየረች፤ የመጨረሻው "ፈጣን፣ አስተማማኝ፣ ዘመናዊ ጥገና" ይላል። ዶክተር ሲያነቡት "ዘመናዊው ማን ነው? እኔ?" ብለው ዙሪያቸውን አይተው ነበር።

ስልኩ ይጠራል፤ ሰው ግን አይመጣም። ለዚህ ነው ዛሬ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወስዳ አባቷ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጠችው።

የሱቁ ስልክ ጮኸ። ዶክተር በጨርቅ እጃቸውን ጠርገው አነሱት።

"አቤት! ... ክሩ እየተበጠሰ ነው? ከላይ ነው ከታች? ... መርፌዋን በቅርቡ ቀይረሻታል? እህ! ጠፍጣፋው ጎኗ ወዴት ዞሯል? ... በይ ፍቺያትና ጠፍጣፋውን ወደ ኋላ አድርጊው። አይዞሽ፣ እጠብቃለሁ።"

ጠበቁ። በስልኩ ውስጥ መኪና ሲንቀጨቀጭ፣ ከዚያም ሴትዮዋ በደስታ ስትጮህ ተሰማ።

"ይኸው! ... ኧረ ምን ክፍያ? ለመርፌ ማዞሪያ? ዘይት ጠብ ጠብ አድርጊላት፣ ደርቃለች፤ ድምጿ ይናገራል። ደህና ዋይ።"

ልጅቷ ላፕቶፑን ዘጋችው።

"አባባ፣ ስንቱን ነው እንዲህ ያደረግከው?"

"ምን አደረግኩ?"

"በስልክ የጠገንከውን ነዋ!"

ዶክተር በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። "መርፌ ያዞሩ አሉ፣ ክር አሳስተው ያስገቡ አሉ... አንዱ ደግሞ ሶኬቱን አልሰካውም ነበር።"

"እሱን ና አልከው?"

"ሶኬት ለመሰካት ታክሲ ተሳፍሮ ይምጣ? ልጄ፣ እግዜርስ ይወደዋል?"

ሳቋም ንዴቷም አንድ ላይ መጣባት። ወር ሙሉ ቃል ስትለቅም፣ ሰዓት ስትቀንስ የከረመችው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆኖ ተገኘ። ማስታወቂያውስ ምን በወጣው! ሰው አምጥቶ ስልክ ላይ ያስረክባቸዋል፤ እሳቸው መርቀው ይሸኙታል።

"ከአሁን በኋላ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ" ብላ ወደ ራሷ ሳበችው።

ከሰዓት እስኪሆን ድረስ ሁለት ሰዎች ደወሉ። ለሁለቱም በመሥሪያ ቤት ድምጿ "ይዘውት ይምጡ፤ ባለሙያ ሳያየው ምንም ማለት አይቻልም" አለች። አንዱ "ሽማግሌው የሉም እንዴ? ጎረቤቴ ናት ስለሳቸው የነገረችኝ" ብሎ ዘጋ። ሌላዋ "እሺ" አለች፣ የማይመጣ ሰው እንደሚለው። ዶክተር አንዲቷን ብሎን ደጋግመው ይወለውሏታል።

ወደ አመሻሽ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች፤ ከኋላዋ የታክሲ ሹፌር ከባድ የስፌት መኪና ተሸክሞ ያለከልካል።

"በስልክ የሚያክሙት እርስዎ ነዎት?"

"በአካልም እሞክራለሁ" አሉ ዶክተር ተነስተው።

"ከሦስት ሳምንት በፊት ቦቢኗን፣ የታች ክር መያዣዋን፣ ገልብጬ ከትቻት ነበር። ሌላ ቦታ ብደውል 'ሞተሯ ተቃጥሏል፣ አምጫት' አሉኝ። እርስዎ በሁለት ደቂቃ እየሳቁ አስተካከሉልኝ። ይህቺኛዋ መጋረጃ የምንሰፋበት ቤት ያለች ናት፤ እውነተኛ በሽተኛ። ሌሎችም ሁለት አሉ፤ አለቃዬ ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳይነካቸው ብላለች።"

ልጅቷ ከበርጩማዋ ብድግ አለች። "ይቅርታ፣ አባባን እንዴት አገኘሻቸው?"

"ስልኬ ላይ ፈልጌ ነዋ። ከላይ የወጣው እሳቸው ናቸው።"

ሴትዮዋ ስትሄድ ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። "አባባ፣ የመጡት አምስቱ ሰዎች... አስቀድመህ በስልክ የረዳኸው ስንቱን ነበር?"

ዶክተር አሰቡ። "አራቱን። አምስተኛው መንገድ ጠፍቶት ነው የገባው።"

ሦስት መኪና የሱቁን ኪራይ ሙሉ በሙሉ እንደማይሸፍን ታውቃለች። ቢሆንም ላፕቶፑን ከፈተችና "ፈጣን፣ አስተማማኝ፣ ዘመናዊ" የሚለውን አጠፋችው። በምትኩ ጻፈች፦ "የስፌት መኪናዎ አስቸገረዎት? መጀመሪያ ይደውሉ። ማምጣት ላያስፈልግዎ ይችላል።"

ዶክተር መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። "ይሄንን ለማወቅ ነው ወር ሙሉ የተማርሽውን ስታገላብጪ የከረምሽው?"

"አዎ" አለች፤ በዘይት የወየበውን እጃቸውን ስማ።

የራሷ ስልክ ጠራ። ወንድሟ ነው።

"እህስ? ቁልፉን መጥቼ ልውሰድ ወይስ ታመጪዋለሽ?"

"አላመጣም።"

"ምን አልሽ? ወሩ እኮ አለቀ!"

መልስ ሳትሰጠው የሱቁ ስልክ ጮኸ። እጇ በልማድ ወደ እሱ ሄደ፤ ግን አላነሳችውም። በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጋ አባቷ ፊት አደረሰችው።

"አቤት!" አሉ ዶክተር፣ ወንድሟም እየሰማ። "ከላይ ነው ከታች?"