መምህር ዘሩና ጅራታሙ ኮከብ

«አንድ ፍሬ እንኳን ቅመሺ እንጂ፣ የሺዬ» አለች ጎረቤቷ አስካል፣ የንፍሮውን ሳህን ወደ ፍራሹ እየገፋች።

የሺመቤት ዓይኗን ከድንኳኑ በር አልነቀለችም። ዛሬ የባሏ የመምህር ዘሩ ሰልስት ነው። ለቅሶ ደራሹ በየአግዳሚው ተደርድሮ ያንሾካሹካል፤ እሷ የምትጠብቀው ግን የጀንበርን መጥለቅ ነው። ከምዕራቡ ተራራ ላይ ደመናው ከተገፈፈ ዘሩ ያለው ነገር ይታያል። ያኔ ይህ ሁሉ ሰው ባሏ ቀባጣሪ እንዳልነበረ ያውቃል። ከዚህ ሌላ የቀራት ተስፋ አልነበረም።

በሩ አጠገብ ባለሱቁ አብዲ ከቀይ አፈር ከተማ ለመጣ እንግዳ ያስረዳል። «ጅራቱ ነዋ! ዘሩ ጅራቱ፣ የፊዚክስ አስተማሪው።»

ሰማችው። ሰውየው ተቀብሮ ስሙ አልተቀበረም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ፤ ያን ስም ያወጣው ራሱ አብዲ ነው።

በሁለት ሺህ ስድስት ኅዳር ሲያልቅ ነበር። ዘሩ በትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ ወጥቶ፣ ጅራታም ኮከብ እየመጣ ነው፣ ፀሐይን ዞሮ ሲመለስ ንጋት ላይ እንደ ጨረቃ ያበራል አለ። አለ ብቻ? ማለ እንጂ! ጅንካ ሆዬ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ሕፃኗን አዝላ፣ ጎህ ሳይቀድ በከተማው መሀል ያለውን የአውሮፕላን ሜዳ ሞላችው። ከዲመካ ድረስ በሚኒባስ የመጣም ነበር። ሰው አንጋጦ አንጋጦ አንገቱ ደረቀ፤ ፀሐይዋ ወጣች፤ ኮከቡ የለም። ፀሐይ አጠገብ ሲደርስ ፈርሶ ብናኝ ሆኖ ቀርቷል።

«ኮከቡስ የት ገባ?» አለ አንዱ።

«ጅራቱን ለዘሩ አውርሶት ሄደ!» አለ አብዲ። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ወዲያ ተማሪዎቹ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጅራት ስለው ይጠብቁት ጀመር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» ይላት ነበር ዘሩ። «የጅራታም ኮከብ መንገዱ ይሰላል፤ በየትኛው ምሽት የት እንደሚሆን ይታወቃል። ብርሃኑ ግን የበረዶና የአቧራ ነገር ነው፤ ቀርቦ ካልታየ አይታመንም። እኔ ባልታመነ ነገር ቃል ሰጠሁ።»

ከዚያ በኋላ ለከተማው ስለ ሰማይ ትንፍሽ አላለም። ባለፈው ክረምት ጉበቱ አልጋ ላይ ካስተኛው ወዲህ ግን ሌላ ኮከብ መምጣቱን አወቀ። በየአገሩ ያሉ ተመልካቾች ብርሃኑን ስንት ብለው እንደገመቱት በስልኩ እያነበበ ያነጻጽር ነበር። ኮከቡ ሲደምቅ እሱ ከሳ። አንድ ቀን ክንዷን አስዘርግቶ፣ ጡጫዋን በጡጫዋ ላይ አስደርቦ፣ የሰማይ ልክ እንዴት እንደሚወሰድ አሳያት።

«በጥቅምት መግቢያ፣ ጀንበር እንደገባች፣ ከተራራው ጫፍ ሁለት ጡጫ ከፍ ብሎ ፈልጊው። ስለ ብርሃኑ አልናገርም። አንቺ ብቻ እይልኝ።»

አብረው ሊያዩት ነበር። ዘሩ ግን አልደረሰም።

«ኧረ ውጡ! ሰማዩን እዩ!» የሚል ጩኸት ከውጭ ተሰማ።

ድንኳኑ ባዶ ሆነ። የሺመቤትም ፍራሹን ለቃ ወጣች። ደመናው ተገፍፏል፤ ከተራራው በላይ ነጭ ጅራቱን ሽቅብ የለቀቀ ኮከብ ቆሟል። ክንዷን ዘረጋች። አንድ ጡጫ፣ ሁለት ጡጫ። ልክ ነው! በባሏ ሰልስት ደስ አላት።

«ዘሩ ነግሮኛል!» አለች ጮክ ብላ። «እዚችው ቦታ፣ በዚሁ ሰሞን እንደሚወጣ አስልቶ ነግሮኛል። አብዲ፣ ሰማህ?»

አብዲ አፉን በእጁ ያዘ። «ወላሂ? ነግሮሽ ነበር?»

«ነግሮኝ ነበር።»

«ሱብሃን አላህ! ሞቱን አውቆት ነበራ!»

አስካል አማተበች። «ኮከቡ እንደሚወስደው ተገልጦለት ነው። እኛ ጅራቱ ስንለው፣ ለካ ቅዱስ ሰው ኖሯል ከመሀላችን።»

«ኧረ አይደለም!» አለች የሺመቤት። «ምንም አልተገለጠለትም፤ ሒሳብ ነው! እሱ ባይሞትም ይመጣ ነበር፤ የተማረው፣ የደከመበት...»

«እሺ የሺዬ፣ እሺ እናቴ። ሐዘን ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወሬው ከግቢው በር አልፏል። የቀይ አፈሩ እንግዳ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ሞቱን ከሰማይ ስላነበበው መምህር ያወራል። ዘሩን የሳቁበት ሰዎች አሁን ይሰግዱለታል፤ ያሰበውን ግን ያኔም አልሰሙት፣ አሁንም አልሰሙት።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ክብ ሠሩ። አስካል ሙሾውን አወጣች፦

«ጅራታም ኮከብ በምዕራብ ወጣ፣
ዘሩን ሊወስደው ቀጥሮ መጣ።»

ሙሾውን መጀመሪያ የምትቀበለው የሟች ሚስት ናት። ካልተቀበለች ለባሏ አላዘነችም ይባላል። ሁሉም ወደ እሷ ዞሮ ጠበቀ።

የሺመቤት ክንዷ ገና እንደተዘረጋ ነበር። አጠፈችውና በዚያው ጡጫ ደረቷን መታች።

«ቀጥሮ መጣ» አለች።