ጉማሬ ዓሣ የሆነበት ፈተና

ደሞዝ ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የሎጂክ መምህር ነው። አንድ ሰኞ ለአርባ ተማሪዎቹ ይህን ጥያቄ ሰጣቸው፦ «ጣና ውስጥ የሚኖር ሁሉ ዓሣ ነው። ጉማሬ ጣና ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ጉማሬ ዓሣ ነው። ሦስተኛው ከሁለቱ ይከተላል ወይስ አይከተልም?»

ሠላሳ ዘጠኙ «አይከተልም» አሉ። አንዱማ «ጉማሬ ዓሣ ከሆነ በጾም ይበላ!» ብሎ ጻፈ። «ይከተላል» ያለችው የዓሣ አስጋሪው የሱሌማን ልጅ ሱምያ ብቻ ነበረች።

«ጉማሬ አይተሽ አታውቂም?» አላት ደሞዝ።

«ኧረ በደንብ አየሁት! ያባዬን መረብ የበጣጠሰው እሱ አይደል? እርስዎ ግን ይከተላል ወይ አሉ እንጂ እውነት ነው ወይ አላሉም።»

ደሞዝ በደስታ እጁን አጨበጨበ። ከዚያ ወደቀሩት ዞረና «እምነታችሁ አመዛዛኝ አእምሯችሁን ቀምቷችኋል! እኔ በዚህ አልታለልም» እያለ ሰዓቱ እስኪያልቅ ወረደባቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ ሊገዛ ከሹም አቦ ሰፈር ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ። ደሞዝ ከጣና ማዶ ያለችው የጎርጎራ ልጅ ነው፤ ጎርጎራን ከነዓሣዋ ሳያወድስ አይውልም። ሱምያ ከአባቷ መጥበሻ ቁራጭ የቆሮሶ ዓሣ አንስታ ሰጠችው። ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ።

«መምህር፣ የጎርጎራ ዓሣ ሁሉ ይጣፍጣል?»

«ምን ጥርጥር አለው!»

«ይኼስ ጣፈጠዎት?»

«እጅግ!»

«ስለዚህ ይኼ ዓሣ...»

«የጎርጎራ ነዋ!» ብሎ ቀደማት።

ሱሌማን ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ወደ ጀልባው አዞረ። «እዚሁ ነው ያጠመድሁት መምህር፣ ከዚያ ደንገል ሥር።»

«መምህር ሁሉ ያስነጥሳል» ቀጠለች ሱምያ። «ድመታችንም ታስነጥሳለች። ስለዚህ ድመታችን መምህር ናት?»

«በፍጹም! እንዲህ ያለው አይ...» ደሞዝ ቃሉን ሳይጨርስ ዋጠው። ጆሮው ድረስ ቀላ።

ደሞዝ ግን ቅን ሰው ነው። ሰኞ ዕለት የራሱን ስሕተት፣ «የጎርጎራ ዓሣ ሁሉ ይጣፍጣል። ይኼ ዓሣ ይጣፍጣል። ስለዚህ ይኼ ዓሣ የጎርጎራ ነው» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈና «ይከተላል?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አይከተልም!» አለ። ደሞዝ ልቡ ሞላ፤ ገባቸው ማለት ነው። የባሕር ዳሯን ልጅ ቃልኪዳንን አስነሥቶ «ለምን አይከተልም?» አላት።

«የጎርጎራ ዓሣ ደግሞ መቼ ይጣፍጥና!»